አቤት ማለትም ወግ አለው

ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት ብዙ ነገር አውቆ ይመጣል። ሒሳብ ያውቃል፤ ደብዳቤ መጻፍም አያቅተውም። ነገር ግን አንድ ትምህርት ከማንም መምህር ሳያገኝ ይቀራል፤ ይኸውም በሥራው ላይ ችግር ሲገጥመው ለአለቃው እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳ ነው።

በአገራችን አቤት ማለት አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ደጅ ጠንተዋል፤ ተበደልሁ ያለ ሰው እስከ አፈ ንጉሡ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ንጉሡ ችሎት ድረስ ይጮህ ነበር። ዳሩ ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውንም ተረት ያወረሱን እነርሱው ናቸው። ከሁለቱ ውርሶች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በርትቶ የሚታየው ሁለተኛው ይመስለናል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ የሚኖር ሠራተኛ ብዙ ነውና።

ይህ ዝምታ እውነተኛ ዝምታ ቢሆን ባልከፋ ነበር። በአለቃው ፊት «እሺ ጌታዬ» ያለው ሰው፣ ከሥራ ሲወጣ በቡና ቤት ተቀምጦ የአለቃውን ስም ሲያነሣና ሲጥል ያመሻል። መስማት የሚገባው አንድ ሰው ሳይሰማ፣ ምንም ሊያደርግ የማይችለው ሁሉ ይሰማል።

ለምሳሌ በአንድ መዝገብ ቤት ሁለት ሠራተኞች ነበሩ እንበል። አንደኛው ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ ምትክ አይመጣም። የቀረው ወጣት የሁለት ሰው ሥራ ተሸክሞ ዝም ይላል። ብዙም ሳይቆይ ፋይል መጥፋት ይጀምራል፤ ከገጠር የመጣ ባለጉዳይም «ነገ ተመለስ» እየተባለ ስንቁን በአልጋ ኪራይ ይጨርሳል። በመጨረሻ ወጣቱ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ በቁጣ ይናገራል። ያን ጊዜ ሰው የሚያስታውሰው ቁጣውን እንጂ የጎደለውን ሠራተኛ አይደለም። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳውም ነገሩን ፈጽሞ የማያውቀው ባለጉዳይ ነው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላልና፣ አቀራረቡን ማወቅ ያስፈልጋል። አለቃን ወደ ስብሰባ ሲሮጥ በመተላለፊያ ላይ መያዝ አይገባም፤ «ሩብ ሰዓት ይፍቀዱልኝ» ብሎ ቀጠሮ መጠየቅ ይሻላል። ሲገቡም ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሥራው መናገር ነው። «እርስዎ ለእኛ አያስቡም» ያለ ሰው ጠብ ጀመረ፤ «በቀን ይህን ያህል መዝገብ ይመጣል፣ አንድ ሰው የሚችለው ይህን ያህል ነው፣ ያደረውም ይህን ያህል ነው» ያለ ሰው ግን ሒሳብ አቀረበ። ከሒሳብ ጋር መጣላት ለማንም አለቃ ይከብደዋል። የሚበጀውን አሳብ ይዞ መግባትም መልካም ነው። የቃሉ ልመና መልስ ካጣ፣ በአጭር ማስታወሻ ጽፎ፣ ቁጥርና ቀን አስደርጎ፣ ግልባጩን ማስቀረት ይገባል።

ትሕትና ሲባል መለማመጥ ማለታችን አይደለም፤ ሠራተኛው የሚጠይቀው ችሮታ አይደለምና። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ጤናማ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ለመንግሥት ሠራተኞችም በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ይህ ሁሉ ሕግ ቅሬታን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሥራው አንድ ክፍል መቁጠሩን ያሳያል።

«ተናግሬ ቂም ባተርፍስ?» የሚል ይኖራል። እንዲህ ያለ አለቃ መኖሩን አንክድም። ለእርሱ ሲባል የተጻፈው ማስታወሻና ከእርሱ በላይ ያለው አካል አሉ። ነገሩ የሕዝብን ንብረት መዝረፍ ወይም ሕግ መጣስ ከሆነ ደግሞ የአለቃውን ፊት አይቶ መናገር አያሻም፤ ወደሚመለከተው ክፍል በቀጥታ መሄድ ነው።

የዛሬው ወጣት ሠራተኛ ነገ አለቃ ይሆናል። ያን ጊዜ በሩን አንኳኩቶ ችግሩን የሚነግረው ሠራተኛ ወዳጁ መሆኑን ይወቅ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመሥሪያ ቤትም ነው።