ጉድለቱ ይመዘገባል፣ ክፍያው ይቀጥላል፦ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ማቆያዎች ላይ ስለሚደረገው የመንግሥት ቁጥጥር

የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና ጉምሩክ አስፈጻሚ ድርጅት (በተለምዶ አይስ) የሚጠቀምባቸው ማቆያዎች ያለ ፍተሻ የተተዉ አይደሉም። መስፈርት ወጥቶላቸዋል፤ በየጊዜው ይፈተሻሉ፤ ሪፖርትም ይጻፍባቸዋል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በፍተሻው ማነስ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ከዚህ ይለያል፤ ዋናው ችግር ፍተሻው የሚያገኘው ጉድለት ማንንም ዋጋ የማያስከፍል መሆኑ ነው።

«ማቆያ» የሚለው ቃል ለጆሮ የለዘበ ነው። በእርግጥም በነዚህ ስፍራዎች ያሉ ሰዎች በሕጉ ዓይን የቅጣት እስረኞች አይደሉም፤ የተያዙት በአስተዳደራዊ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሚኖሩት የግል የእስር ቤት ኩባንያዎች በሚያስተዳድሯቸው ግቢዎች ወይም በአካባቢ እስር ቤቶች ውስጥ ነው። በወንጀል የተከሰሰ ድኻ መንግሥት ጠበቃ ሲያቆምለት፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ግን ይህ ግዴታ የለም። ስለዚህ የተቆጣጣሪው ጉብኝት ለብዙዎች ድምፃቸውን ከአጥር ውጭ ለማሰማት ካሏቸው ጥቂት ዕድሎች አንዱ ነው።

ያ ዕድል ምን ያህል ጠባብ እንደነበር የሀገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ባወጣው ሪፖርት ታይቷል። በዓመት 100 ያህል ማቆያዎችን የሚፈትሸው በአይስ የተቀጠረ የግል ኩባንያ ነበር። ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ፈታሾች በ3 ቀን ውስጥ ወደ 40 የሚጠጉ መስፈርቶችን መመዘን ነበረባቸው። ከተያዙት ሰዎች ጋር የተደረገው «ቃለ መጠይቅ» በአብዛኛው የማቆያው ሠራተኞች ባሉበት በቡድን የተካሄደ አጭር ንግግር ነበር። ፈታሾቹ አነጋጋሪዎቻቸውን የመረጡት በቅድሚያ እንግሊዝኛ ትናገራላችሁ ወይ ብለው በመጠየቅ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ሰው፣ የፈለገው ቢደርስበት፣ በዚያ ሪፖርት ውስጥ ቃሉ አይገኝም ማለት ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥተው በፓናማ ጫካ በኩል ወደ ሰሜን ካቀኑት ስደተኞች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስለነበሩበት፣ ነገሩ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ሩቅ አይደለም።

ሆኖም ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው የተገኘው ጉድለት ዕጣ ነው። ይኸው ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቀው፣ ከኦክቶበር 2015 እስከ ጁን 2018 ድረስ 14,003 ጉድለቶች ተመዝግበው የገንዘብ ቅጣት የተጣለው 2 ጊዜ ብቻ ነው። ከተመረመሩት 106 ማቆያዎች ውስጥ ለመቀጫ የሚያገለግለው የጥራት መከታተያ ዕቅድ በውላቸው የተካተተው 28ቱ ብቻ ነበሩ። መስፈርቱን ማሟላት ያልፈለገ ተቋራጭ ደግሞ ከመስፈርቱ ነጻ እንዲደረግ ማመልከት ይችል ነበር፤ ማመልከቻዎቹም ከጥቂቶቹ በቀር ጸድቀዋል።

ምክር ቤቱ ጠንካራ መዘዝ ለማስቀመጥ አልሞከረም ማለት አይደለም። ከ2009 የበጀት ዓመት ጀምሮ፣ በሁለት ተከታታይ አጠቃላይ ምዘናዎች ከ«በቂ» በታች ያገኘ ማቆያ ውሉ በመንግሥት ገንዘብ እንዳይቀጥል በበጀት ሕጉ ተደንግጓል። በወረቀት ሲታይ ብርቱ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ውጤቱን የሚሰጠው አካል የሚከፈለው ከአይስ ነው፤ ማቆያው ሲዘጋ አልጋ የሚያጣውም አይስ ራሱ ነው። የመጣል ዋጋው ይህን ያህል ከከበደ ሁሉም ማለፉ ምን ያስደንቃል? የድርጅቱ ሠራተኞች ራሳቸው በዚያ ፍተሻ መውደቅ እጅግ አስቸጋሪ እንደሆነ ለመርማሪዎቹ ተናግረዋል።

መፍትሔው የተቆጣጣሪው ነጻነት ነው የሚሉ አሉ። ነጻነት አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም፤ ብቻውን ግን እንደማይበቃ የብሪታንያ ልምድ ያሳያል። በጋትዊክ አየር ማረፊያ አጠገብ የሚገኘው ብሩክ ሃውስ በ2016 መገባደጃ ከሚኒስቴሩ ነጻ በሆነ የእስር ቤቶች ተቆጣጣሪ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ተፈትሾ ደኅና ውጤት አግኝቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2017፣ አንድ ጠባቂ በድብቅ ካሜራ የቀረጸው ግፍ በቴሌቪዥን ታየ። በ2023 ሪፖርቱን ያቀረበው አጣሪ ኮሚሽን፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን ድንጋጌ ሊጥሱ የሚችሉ 19 ክስተቶችን በ5 ወር ውስጥ ብቻ አግኝቷል። ጥቂት ቀን ቆይቶ የሚሄድ እንግዳ የሌሊቱን ፈረቃ አያውቅም።

አሜሪካም በ2019 መጨረሻ በወጣ ሕግ የኢሚግሬሽን እስር እንባ ጠባቂ አቋቁማ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ሳያሳውቅ የመግባትና የተያዙትን በምስጢር የማነጋገር ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ የመቅጣት ሥልጣን ግን አልነበረውም። በማርች 2025 ሚኒስቴሩ የዚህንና የሌሎች ሁለት የቁጥጥር ቢሮዎችን ሠራተኞች በጅምላ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ምክረ ሐሳብ ብቻ የሚጽፍ ቢሮ ሲዳከም በየማቆያው የሚቋረጥ ክፍያ ወይም የሚታገድ ውል ስለሌለ፣ ለመቁረጥ ቀላል ነበር።

ቅጣትን አጥብቆ የሚቃወም አንድ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ማቆያ ሲዘጋ ሰዎቹ ከጠበቃና ከቤተሰብ ወደ ራቀ ሌላ ማቆያ ይዛወራሉ። ስለዚህ መዘዙ መዝጋት ብቻ መሆን የለበትም። በሕክምና ወይም በኃይል አጠቃቀም ረገድ ከባድ ጉድለት የተገኘበት ማቆያ፣ ጉድለቱ እስኪታረም ድረስ አዲስ ሰው እንዳይቀበልና ክፍያው በዚያው መጠን እንዲቀንስ በውሉ ራሱ ሊደነገግ ይገባል፤ ውሳኔውም በአይስ ፈቃድ ላይ ሳይንጠለጠል ከፍተሻው ውጤት ጋር ወዲያው የሚጸና መሆን አለበት። ተቀባይ ያጣው ሰው በዋስ ወይም በየጊዜው ሪፖርት እያደረገ ጉዳዩን ከውጭ እንዲከታተል የሚያስችል አሠራር በሀገሪቱ ቀድሞም አለ።