ስለ ጤና፤ የኦቾሎ ዓለትና የልጆች ፊት

ከአርባ ምንጭ ከተማ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው፥ በግራው ቀና ብሎ ቢመለከት፥ ከላንቴ የሙዝ እርሻ በላይ የአባያን ሐይቅ ቍልቍል የሚያይ ዓለታማ ኮረብታ ያገኛል። በዚያ ኮረብታ ላይ የተቀመጠችው መንደር ኦቾሎ ትባላለች። ቤቶቿ በትላልቅ ቋጥኞች መካከል፥ አንዳንዶቹም ከዋሻ አፍ አጠገብ የተሠሩ ናቸው። የጋሞ ሽማግሎች በዱቡሻ ተሰብስበው የሚመክሩበትን ሥርዐት ለማጥናት ፈረንሳዊው ሊቅ ማርክ አቤሌስ የመጣው ወደዚህችው መንደር ነበር። እኛ ግን በዚህ ወር ኦቾሎን የምናነሣት ስለ ሸንጎዋ ሳይሆን ስለ ልጆቿ ፊት ነው።

ውድ አንባብያን፤ በሰሜኑ ደጋ አገር «ቍንጭር» እየተባለ የሚጠራውን ቍስል ከመካከላችሁ የሚያውቀው ብዙ ነው። በመጀመሪያ በጉንጭ፥ በአፍንጫ ወይም በጆሮ ላይ ትንኝ የነከሰው የሚመስል ትንሽ እብጠት ይወጣል። ሳምንታት ሲያልፉ ይሰፋል፤ ይቀላል፤ ይቈስላል፤ ቅርፊትም ይይዛል። እንግዳ የሆነው ጠባዩ ግን ብዙውን ጊዜ አለማሳመሙ ነው። ልጁ አያለቅስም፤ ትኵሳት የለውም፤ ይበላል፥ ይጫወታል። እናቲቱም የሚያቃስት ልጅ በቤቷ ስለሌለ፥ ዛሬ ነገ ይሽራል እያለች ትጠብቃለች። በእርግጥም ቍስሉ ከብዙ ወራት፥ አንዳንዴም ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ ጊዜ ይደርቃል፤ ነገር ግን የሚሄደው ሥጋውን በልቶ፥ የጐደጐደ ጠባሳ ትቶ ነው። በአፍንጫና በከንፈር ላይ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ እየገባ የፊትን መልክ እስከ መለወጥ ይደርሳል።

ደዌው የማይገድል በመሆኑ ለብዙ ዘመን ከቁም ነገር ሳይቈጠር ቈይቷል። ይህ ጸሐፊ ግን የማይገድል ደዌ ሁሉ ቀላል ነው በሚለው አሳብ አይስማማም። የትዳር ዕድሜዋ የደረሰ ልጅ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ እየሳበች ከሰው መካከል ስትሸሽ፥ ተማሪውም ባልንጀሮቹ በጠባሳው ስም ሲያወጡለት ያየ ሰው፥ የፊት ጠባሳ ስንት ዋጋ እንደሚያስከፍል ያውቀዋል። በአገራችን በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 የሚደርሱ ሰዎች በዚህ ቍስል እንደሚያዙ በ2012 ዓ.ም. የታተመ የሊቃውንት ግምት ያመለክታል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቍስሉ መነሻ ምንድር ነው? አባቶቻችን በልዩ ልዩ አገር ልዩ ልዩ ምክንያት ሰጥተውታል። አንዳንዱ የሌሊት ወፍ ሽንት ፊት ላይ ሲፈስ የሚመጣ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ምች ነው ይላል፤ ሌላውም የሰው ዐይን ነው ይላል። ስለ ሌሊት ወፍ የሚነገረው ነገር አይደነቅም፤ ደዌው በሌሊት እንደሚመጣና ከዋሻ ጋራ ግንኙነት እንዳለው ሰዎች አስተውለው ነበርና። ሰዓቱንና ስፍራውን በትክክል አውቀዋል፤ የሳቱት እንስሳውን ብቻ ነው።

እንስሳው ሽኮኮ ነው። ዳዊት በመዝሙሩ ከዓለት ጋራ አያይዞ ያነሣው ያ ትንሽ አውሬ በኦቾሎ ቋጥኞች መካከል ከሰው ጋራ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። (መልኩ አይጥ ቢመስልም በዘር ለዝሆን የሚቀርብ መሆኑን የእንስሳት ሊቃውንት ሲነግሩን መገረማችን አይቀርም።) በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሽፎርድና ብሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው በሦስት ስፍራ፥ ማለት በወሎ ኩታበር፥ በወለጋ አለኩ እና በጋሞ ኦቾሎ፥ ይህን ቍስል ሲመረምሩ ቈዩ። በሽኮኮ ሰውነት ውስጥ ያገኙት በዐይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ፍጥረት፥ በሰው ቍስል ውስጥ የሚገኘው ራሱ ሆነ። በ1973 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ለዚህ ፍጥረት የአገራችንን ስም ሰጥተው «ሌሽማንያ ኤቲዮፒካ» አሉት። «ሌሽማንያ» የሚለው የወገኑ ስም ግን ቀድሞ የነበረ ነው፤ በ1903 ዓ.ም. የካላዛርን መነሻ ከዶኖቫን ጋራ በየፊናቸው ለዓለም ካስታወቁት ከእንግሊዙ የጦር ሐኪም ከሌሽማን የተወሰደ ነው። ካላዛርና ቍንጭር እንግዲህ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ አንዱ ወደ ሆድ ዕቃ ገብቶ ይገድላል፤ ሌላው በቆዳ ላይ ይቀራል።

ከሽኮኮው ወደ ሰው የሚያሻግረው ግን ሌላ ነው፤ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ነፍሳት ናት። ስሟ ዝንብ ይሁን እንጂ ከወባ ትንኝ እጅግ ታንሳለች፤ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስትበር ድምፅ የላትም፤ ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ትከፍታለች። ደም የምትጠጣው ሴቲቱ ብቻ ናት። የጋሞ ቈላ ሰው ስለ ወባ ብዙ ተምሯል፤ ኵሬ ማፋሰስን፥ አጐበር መዘርጋትን ያውቃል። ስለ ወባ የተማረው ሁሉ ግን በዚህ ላይ አይሠራም። የአሸዋ ዝንብ የምትራባው በውኃ ውስጥ ሳይሆን እርጥበትና ብስባሽ ባለበት አፈር፥ በዋሻና በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ኵሬ ቢፋሰስ አይነካትም። በመጠኗ ማነስ ምክንያትም ለወባ በተሠራው አጐበር ቀዳዳ ልታልፍ ትችላለች፤ አጐበሩ በመድኃኒት የተነከረ ከሆነ ጥቂት ይከላከላል፤ የተሻለው ግን ቀዳዳው ይልቁን የጠበበ አጐበር ነው። ወባ ከታች በላንቴ ሜዳ ሲጠብቅ፥ ቍንጭር ከላይ በኦቾሎ ዓለት ይጠብቃል፤ ከደጋ ወደ ቈላ ወርዶ የሚያርስ ገበሬ ሁለቱንም ይጋፈጣል ማለት ነው።

ከአሽፎርድ ዘመን በኋላ ጕዳዩ ለብዙ ጊዜ ተቀዛቅዞ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ችላ ለተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች የምርምርና የሥልጠና ማዕከል አቋቁሞ፥ ከቤልጅግ ሊቃውንት ጋራ በመሆን ወደ ኦቾሎ ተመልሷል። ከ2017 እስከ 2018 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት ያህል በየወሩ በመኖሪያ ቤትም፥ በዋሻም፥ በደጅም ወጥመድ እያኖሩ የአሸዋ ዝንቦችን ሰበሰቡ። ከተያዙት መካከል ደዌውን የምታሻግረው «ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር» የተባለችው መሆኗ ተረጋገጠ፤ ከዝንቦቹ ሆድ የተገኘውን ደም መርምረውም የሰው ደምና የሽኮኮ ደም መሆኑን ለዩ። ይህ ነገር ለሳይንስ ሰዎች ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል። ለቤተ ሰብ ግን ትርጕሙ ግልጥ ነው፤ ዝንቢቱ በዋሻ ትኖራለች፥ ወደ ቤትም ትገባለች፤ ስለዚህ ልጅ የሚነደፈው በዋሻ አጠገብ ሲጫወት ብቻ ሳይሆን በመኝታውም ላይ ነው።

ታዲያ ሽኮኮውን ፈጅቶ ማረፍ አይቻልም ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለጸሐፊው እንደሚመስለው ይህ ለመናገር እንጂ ለመሥራት አይቀልም። ዓለቱ ሰፊ ነው፤ ከአንዱ ዋሻ የጠፋው ሽኮኮ ስፍራ በሌላ ይተካል፤ ሽኮኮዋን ያጣች ዝንብም ደም መፈለጓን አትተውም። ይልቅስ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከዋሻ አፍና ከቋጥኝ ስንጥቅ ራቅ አድርጎ ቢሠራ፥ የግድግዳውን ንቃቃት ቢመርግ፥ ፍግንም ከቤቱ ጥግ ቢያርቅ ይሻላል።

ከዚህ ላይ ስለ አንድ ክፉ ዐይነት ሳንናገር ማለፍ አይገባም። በጥቂት ሰዎች ላይ ቍንጭር በአንድ ቦታ አይወሰንም፤ ሰውነት ጠላቱን ሳያውቀው ይቀርና፥ እብጠቱ በፊት፥ በክንድና በእግር ሁሉ ይሰራጫል፤ በራሱም አይድንም። መልኩ ሥጋ ደዌን ስለሚመስል ሰዎች ያለ በሽታቸው ሥጋ ደዌ ነው እየተባለ ከሰው ሊለዩ ይችላሉ። በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአለርት ግቢ የተቋቋመው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም፥ ስሙን የወሰደው የሥጋ ደዌን መነሻ ካገኘው ከኖርዌዩ ሐኪም ሲሆን፥ ይህን የተሰራጨ ቍንጭር ከጥንት ጀምሮ ሲመረምር ቈይቷል። ሁለቱ ደዌዎች በሕክምናቸው የማይገናኙ ናቸውና መለየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ሕክምናው ስንናገር በመጀመሪያ የማይደረገውን እንናገር። ቍስሉን በጋለ ብረት መተኰስ፥ በሚያቃጥል የቅጠል ጭማቂ ወይም በባትሪ አሲድ መቀባት ከደዌው የከፋ ጠባሳ ይተዋል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ቤት መሄዱን መተው የለበትም፤ ሲራክ ስለ ባለ መድኃኒት የጻፈውን የሚያነብ ምእመን ሁለቱን አያጣላቸውም።

ከመድኃኒቶቹ መካከል ጥንታዊው ከአንቲሞኒ የሚሠራው መርፌ ነው። አንቲሞኒ ማለት በጥንቱ ኩል ውስጥ የሚገኘው ማዕድን ነው፤ (ነገር ግን ማንም ሰው ኩል በቍስል ላይ እንዳይቀባ፤ መድኃኒቱ ሌላ፥ ኩሉም ሌላ ነው)። ብራዚላዊው ሐኪም ጋስፓር ቪያና በ1912 ዓ.ም. አንቲሞኒን ለዚህ ወገን ደዌ ከሞከረ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባለው የአንቲሞኒ መድኃኒት ዛሬም ይሠራበታል። በቍስሉ ውስጥ ይወጋል፤ ቍስሉ የበዛ እንደ ሆነ በየቀኑ እስከ 28 ቀን በጡንቻ ይሰጣል። ያሳምማል፤ ልብንም ሊጐዳ ስለሚችል የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። ቍስሉ ትንሽ ከሆነ እጅግ በቀዘቀዘ ናይትሮጅን ማድረቅም አለ። ሚልቴፎሲን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት በመጀመሪያ ለካንሰር የታሰበ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. በህንድ አገር ለካላዛር ተፈቀደ፤ በእኛም አገር ለቍንጭር ተሞክሮ ውጤቱ በ2021 ዓ.ም. ታትሟል። ብዙዎቹ ሕሙማን በመጀመሪያ ተሻሽለዋል፤ ፈጽመው የዳኑት ግን ከዚያ ያነሱ ነበሩ። ፅንስን ስለሚጐዳ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። ለካላዛር በጎንደርና በአርባ ምንጭ የምርምርና የሕክምና ማዕከላት ተቋቁመው አዳዲስ መድኃኒቶች ሲፈተኑ፥ ለቍንጭር የተደረገው ግን እስካሁን ጥቂት ነው። የሚገድለው ቀድሞ መታሰቡ ተገቢ ነው፤ የማይገድለው ሁልጊዜ ተራ እንዲጠብቅ መደረጉ ግን ለጸሐፊው ያሳዝነዋል።

ክትባትስ የለምን? ሐሳቡ ከጥንት የመጣ ነው። በባግዳድና በሐለብ አገር እናቶች አንድ ጊዜ ቈስሎ የዳነ ሰው ሁለተኛ እምብዛም እንደማይያዝ አስተውለው፥ የልጃቸው ፊት እንዳይበላሽ ሲሉ ከቍስል የተወሰደውን በተሸፈነ ገላ ላይ ያስነክሱ ነበር። በኋላም በሶቪየት ኅብረት፥ በእስራኤልና በኢራን ሐኪሞች ይህንኑ አድርገዋል፤ ነገር ግን አንዳንዱ የተከተበበት ቍስል አልድን እያለ ስላስቸገረ ተተወ። በ2020 ዓ.ም. ተመራማሪዎች «ሌሽማንያ ሜጀር» ከተባለው የዚሁ ወገን ፍጥረት አንድ ዘረ መል ቈርጠው አውጥተው፥ ሰውነትን የሚያስተምር ነገር ግን ቍስል የማያመጣ ሕያው ክትባት መሥራታቸውን በእንስሳት ፈትነው አስታውቀዋል። በሰው ላይ ተፈቅዶ የሚሰጥ ክትባት ግን እስከ ዛሬ የለም፤ የኦቾሎው ዐይነትም ሌላ ነውና ለእርሱ ብቻውን መፈተን አለበት።

እስከዚያው ድረስ ወላጆች ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። በልጅ ፊት ላይ የወጣ፥ የማያሳምም፥ ከሦስት ከአራት ሳምንት በላይ ሳይሽር የሰነበተ እብጠት ወይም ቍስል ቢያዩ፥ ገና ትንሽ ሳለ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ትንሽ ቍስል በቍስሉ ላይ በሚሰጥ ሕክምና ብቻ ሊታከም ይችላል፤ የሰፋው ግን የ28 ቀኑን መርፌ ይጠይቃል። ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም፤ ባለ ሙያው ከቍስሉ ጠርዝ ጥቂት ፍቆ በመስተዋት ላይ ያደርገዋል፤ ቀለም ነክሮም በማይክሮስኮፕ ይመለከተዋል። በሚጣበቅ ስስ ፕላስተር ቆዳውን በመንካት ብቻ ናሙና የሚወስድ፥ ምላጭ የማያስፈልገው ሌላ ዘዴም በልዩ ልዩ አገር በመሞከር ላይ ነው፤ ምላጭ ሲያዩ ለሚያለቅሱ ሕፃናት ይህ መልካም ዜና ነው።