ጣራው ጻድቅ፥ ግድግዳው ኃጥእ

ሰው በደሉን በምጽዋት ለመሸፈን መሞከሩ የቆየ ልማድ ነው። በዘመናችን ግን ይህን ግብዝነት ቤትም ተምሮታል። በጣራው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተሸክሞ ጻድቅነቱን ያውጃል፤ ግድግዳው ግን ሁለመናው መስታወት ሆኖ ሙቀት ሲያስገባ ይውላል።

እኔም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለሁም። በአዲስ አበባ ቤቴን ስሠራ የሳሎኑን የምዕራብ ግድግዳ መስታወት አደረግሁት። ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ቢግልብኝ ማቀዝቀዣ አስገባሁ፤ ኤሌክትሪኩንም ከፀሐይ ስለማገኝ ማንንም አልበደልሁም እያልሁ ተመጻደቅሁ። አንድ ቀን ጠጋኙ መጥቶ ቧንቧው ተሸንቁሮ ጋዙ ማለቁን ነገረኝ። «ወዴት ሄደ?» ብለው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። ያን ጊዜ አፈርሁ።

ወጣቶች ሆይ፥ ልብ በሉ! በብዙ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚገኘው አር 410 ኤ የሚባለው ጋዝ አንድ ኪሎው ወደ አየር ቢያመልጥ በ100 ዓመት ውስጥ ከ2,000 ኪሎ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ያህል ምድርን ያሞቃል። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ ተሰብስበው እንዲህ ያሉትን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተስማሙት ስለዚህ ነው። ፀሐይ ሞተሩን ብታንቀሳቅስም የጋዙን በደል አታጥብም። ሰሌዳው ራሱም ከማዕድን በብዙ እሳት የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ለከንቱ ሥራ ሊባክን አይገባውም።

«ታዲያ ፀሐይን እንተዋት ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አላልሁም! ውኃን በፀሐይ ማሞቅ ብልኅነት ነው፤ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1980 ለአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ይህንኑ በሕግ አስገድዳለች። በፀሐይ ሙቀት እየተረዳ፥ በውኃና ሊትየም ብሮማይድ በሚባል ጨው የሚያቀዘቅዝ፥ ያን ጋዝ የማይሻ መሣሪያም አለ። እኔ የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠች፥ ሌሊቷ ቀዝቃዛ በሆነ ከተማ፥ ወፍራም ግድግዳ፥ ወጣ ያለ ጣራ፥ ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮትና የዛፍ ጥላ ያለ ሞተር ያገለግላሉ።

እኔ ከመስታወቱ ፊት በረንዳ አስቀጠልሁ፤ ማቀዝቀዣውም ሥራ ፈታ። እናንተ ግን እንደ እኔ ከስሕተት በኋላ አትማሩ። ቤት ስትሠሩ አስቀድማችሁ ጥላን ጠይቁ፤ መሣሪያን ከዚያ በኋላ። ንጹሕ ኃይል ያገኘ ሁሉ ንጹሕ ሥራ ሠራ ማለት አይደለምና።