ለሯጭ የተመቸ አየር ለፕሮፔለር አይመችም

የስፖርት ገጽ አንባቢ ስለ አርሴናልና ማንቸስተር፣ ሲሻው ስለ ሩጫ እንዲነገረው ነው የሚጠብቀው። ዛሬ ግን ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ ሞዴል አውሮፕላን ልጻፍ። “የልጅ መጫወቻ እንጂ ምኑ ስፖርት ነው?” የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተው የዓለም የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን በሬዲዮ የሚመሩ የአክሮባት አውሮፕላኖችን ከ1960 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና ያወዳድራል። ተወዳዳሪው መሬት ላይ ቆሞ፣ ርዝመቷም ክንፏም ከ2 ሜትር የማይበልጥ አውሮፕላን 150 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያገለባብጣል። ዳኞቹም እያንዳንዱን ትርኢት ከ10 ያርማሉ። ጂምናስቲክ ስፖርት ከሆነ ይሄ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ ነገሩን ያየሁት ባሌ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ድሮን የሚባለው ነገር ገና በሰው አፍ ሳይገባ፣ ከውጭ የመጣ አንድ ወዳጄ በኤሌክትሪክ የምትሠራ የፎም አውሮፕላን ይዞ ነበር። ክንፏ አንድ ሜትር ከሃያ ቢሆን ነው። ወሩ ጥር፣ ቦታው ከሮቤ ወጣ ብሎ ስንዴው በኮምባይነር የታጨደበት ገለባ ማሳ። ወዳጄ ከባህር ወለል እኩል በሆነ ከተማ ለዓመታት አብርሯል፤ እጁን አይጠራጠርም። አውሮፕላኗ ግን ለመነሳት ከለመደው በላይ ሮጠች። ተነሳች፣ ዞረች፣ ሰው አጨበጨበ። ዝቅ ብላ መጥታ ወደ ላይ ክብ ልትሠራ ስትል ጫፍ ላይ ፍጥነቷ አለቀ፤ አንድ ክንፏ ጣላትና ገለባው ውስጥ ተተከለች። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ እየሮጡ መጥተው “ውስጡ ሰው አለ እንዴ?” አሉ። የለም ስንላቸው “ተመስገን” ብለው ቁጭ አሉ።

ጥፋቱ የእጅ አልነበረም። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ። ፀሐይ ሞቅ ባለበት ቀን ሮቤ ላይ ያለው አየር ከባህር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚሸከመው አየር፣ ፕሮፔለርም የሚገፋው አየር ነው፤ ሁለቱም በሩብ ጎደሉ ማለት ነው። አውሮፕላኗ ሳትወድቅ ልትበርበት የምትችለው ዝቅተኛ ፍጥነትም በ17 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። በሣጥኑ ውስጥ የመጣው መመሪያ ይሄን አይነግርህም፤ የተጻፈው ለቆላ ሰው ነው።

ለስፖርት ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ሲያሸንፍ የቆላ ሯጮች አየር አጥሯቸው ነበር። እዚያው ኦሊምፒክ ላይ ቦብ ቢሞን 8.90 ሜትር ዘለለ፤ የሳሳው አየር ሳያግዘው አልቀረም። ሮቤ ከሜክሲኮ ሲቲም ትበልጣለች። ሯጭ እዚያ ኖሮ ደሙን ያላምዳል። ፕሮፔለር ግን ደም የለውም፤ የሚያላምደው ሰው ነው።

እንዴት? እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ይመሰገናል። የነዳጅ ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳልና ከፍታ ላይ ጉልበቱ ራሱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን አይፈልግም፤ ጉልበቱ አለ፣ የጎደለው የሚጨብጠው አየር ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለ መጨበጫ ትሰጠዋለህ። የፕሮፔለር ግፊት በስፋቱ አራተኛ ኃይል ስለሚያድግ የጎደለውን ሩብ ለመመለስ 8 በመቶ ያህል ማስፋት ይበቃል፦ 12 ኢንች የነበረው 13 ይሆናል።

ወዳጄ ይሄን ያወቀው በአጋጣሚ ነው። ስትወድቅ ፕሮፔለሯ ተሰበረ። በሻንጣው የተረፈው 13 ኢንች ብቻ ነበር፤ ለዚያ ሞተር ይከብዳል ብሎ የተወው። በማግስቱ ክንፏን በሙጫ አጣብቆ፣ የሚፈሰውን አምፔር ለካና ተገረመ። አገሩ በ12 ከሚያየው ከፍ ያለው በጥቂት ብቻ ነው። ያን ዕለት ክቡን ሠራች፤ ከላይ ጀምራ፣ በቂ ፍጥነት ይዛ።

ሌላው ጥንቃቄ ብዙ ነው፤ ዋናዎቹን ልጥቀስ። የሳሳ አየር ሞተርንም ስፒድ ኮንትሮለርንም በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ካረፍክ በኋላ በእጅህ ዳስሰህ ሙቀቱን እይ። የባሌ ማለዳ ብርድ ደግሞ የሊቲየም ባትሪን ያደክማል፤ እስክታበር ድረስ ከጋቢህ ሥር አቆየው። የሚዛኑ ነጥብ ከክንፉ ፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የክንፉ ስፋት ሲሶ ሳይሞላ ይሁን፤ ጅራቷ የከበደ አውሮፕላን በሳሳ አየር ይቅርታ አታውቅም። ከመነሳትህ በፊት ክንፍና ጅራት ላይ ያሉት መሪዎች በትክክለኛው አቅጣጫ መንቀሳቀሳቸውን ተመልከት። ስንት አውሮፕላን ግራና ቀኙ ተገልብጦ ተሰብሯል መሰላችሁ!

ቦታም ይመረጣል። የሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በፍጹም አይታሰብም። ሰነቴም ቢሆን፣ 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ከሲሶ በላይ መሳሳቱ ቀርቶ፣ የቀይ ቀበሮ አገር ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የእኛ ፕሮፔለር እንዲያፏጭበት አይደለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ዛሬ ያንን አውሮፕላን ይዤ ማሳው ላይ ብቆም ሽማግሌው “ሰው አለ ወይ” አይሉኝም፤ “ካሜራ አለው ወይ” ነው የሚሉኝ። አይፈረድባቸውም። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንሳ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጥያቄው የጸጥታ ነውና ይጠየቅ። ግን ካሜራ የሌላት፣ ከዓይን ርቃ የማትሄድ፣ በ6 ደቂቃ ባትሪዋ የሚያልቅ የአክሮባት አውሮፕላን ከድሮን ጋር በአንድ ዓይን መታየት የለባትም እላለሁ። በስፖርት መዝገብ ትግባ፤ ባለቤቷም በስሙ ይመዝገብ፤ አንድ የታወቀ ሜዳ፣ የታወቀ ሰዓት፣ አንድ ኃላፊ ይኑር። ሮቤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የፊዚክስ መምህር ስለ አየር እፍጋት በጥቁር ሰሌዳ ከሚያስተምር ሁለቱን ፕሮፔለሮች በሚዛን ቢያሳይ ተማሪው አይረሳውም። ሜዳ ከተባለ ደግሞ ከስንዴው በኋላ ገለባ ማሳ ሞልቷል፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ከብቶቹ ሳይገቡበት፣ ማለዳ ነፋሱ ሳይነሳ።