መጥቅዕ፦ ቁጥር ሆኖ የቀረ መለከት

መስከረም 1 ቀን የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት በየቤተ ክርስቲያኑ ሲታወጁ «አበቅቴ ይህን ያህል፣ መጥቅዕ ይህን ያህል» ሲባል እንሰማለን። ሰምተንም እናልፋለን። እኔ ግን እንጀራዬ ከቁጥር ጋር የተያያዘ የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ አንድ አኃዝ የምን ሒሳብ እንደሆነ ሳልጠይቅ ማለፍ አይሆንልኝም።

መጥቅዕ «ጠቅዐ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ትርጉሙም መለከት ነፋ፣ ደወል ደወለ ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 እንደምናነበው፣ እስራኤል በሰባተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን ከሥራቸው ዐርፈው መለከት እየነፉ መታሰቢያ እንዲያደርጉ ታዘዋል። በዐሥረኛው ቀን የስርየት ቀን ይከተላል። ስለዚህ መለከቱ ሕዝቡን ለንስሐ የሚያነቃ ጥሪ ነበር። የባሕረ ሐሳብ መጥቅዕም ከዚሁ በዓል ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12 ነው። በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ 18 ሆነ ማለት ነው። ከ14 በላይ ስለሆነ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበርና የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት 25 ይሆናል፤ ይህም መባጃ ሐመር ይባላል። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። በ25 ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲደመር 34፣ በ30 ሲገደፍ 4፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ! መጀመሪያ መለከት፣ ቀጥሎ የነነዌ ንስሐ፣ በመጨረሻ ትንሣኤ። በእኔ አስተያየት የበዓለ መለከት ክርስቲያናዊ ትርጉም በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ተቀምጧል። አባቶቻችን ከመለከቱ ተነሥተው የቆጠሩት ወደ ጾምና ወደ ባዶው መቃብር ነው።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ግን በዓለም ዙሪያ ሌላ ቆጠራ ተሰምቶ ነበር። «ጌታ በዘንድሮው የአይሁድ በዓለ መለከት ይመጣል» የሚል ወሬ በማኅበራዊ መገናኛዎች ተናፈሰ፤ የተባለው ቀንም እንደ ማንኛውም ቀን አለፈ። ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ወንጌል አስቀድሞ ነግሮናል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ኋለኛው መለከት የጻፈውም ሙታን እንደሚነሡ ሊያበሥረን እንጂ ቀን እንድንቀምር አይደለም። ከጎረቤቱ ጋር ሳይታረቅ የዓለምን ፍጻሜ የሚያሰላ ሰው መለከቱን ሰማ ሊባል አይችልም።

እዚህ ዘመሮ፣ በመንዝ ደጋ፣ የመስከረም ማለዳ ብርድ ከጋቢ አያስወጣም። ደወሉ ግን ይደወላል። ሰምቶ የሚነሣ አለ፤ ሰምቶ የሚከናነብም አለ። ለዛሬው ደወል ጆሮውን የደፈነ ለኋለኛው መለከት እንዴት ይዘጋጃል? ስለዚህ በሚቀጥለው መስከረም መጥቅዕ ሲነገር ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም እንስማው እላለሁ።

ቸር ያሰማን።