ልጁን ከመቆጣቴ በፊት

እኛ ቤት እሑድ ከሰዓት በኋላ አስራ አንድ ሰዓት የእማዬ ሰዓት ነው። ሮም ውስጥ አንዲት አዛውንት እየተንከባከበች የምትኖረው ታናሽ እህቴ በሳምንት እፎይ የምትለው በዚያች ሰዓት ስለሆነ፣ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ፣ እህቴ የላከችላትን ታብሌት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ዓይኗ ስለደከመ የስልክ መስታወት አይበቃትም። በታብሌቱ ግን የልጇን ፊት አቅርባ ታያለች። «ከሳሽ» ትላታለች። «እማዬ፣ ካሜራው ነው» ትላታለች። ወሬያቸው ሁልጊዜ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ከጥቂት ወራት በፊት ይህ ሰዓት ተበላሸብን። ጥሪው ደህና ይጀምርና አስር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የእህቴ ፊት ባለበት ይደርቃል፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ ከዚያ ድርግም። የዋይፋዩ ምልክት ግን ሙሉ ነው። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ለጥቂት ደቂቃ ይመለስና እንደገና ይጠፋል። የሚገርመው፣ በዚያው ሰዓት የእኔ ስልክ ይሠራል፤ ቴሌቪዥኑም ይሠራል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ታብሌቱም ራሱ ደህና ነው።

ሦስተኛው እሑድ ላይ እናቴ ታብሌቱን አስቀመጠችና ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄ ምን ሆናለች? ፊቷን እንዳላይ ነው የምታጠፉት?» አለች። መርዶ ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚደበቅ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። እናቴም ብዙ መርዶ ተደብቆባት ያውቃል። ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ያን ሌሊት አልተኛችም።

እኔ ደግሞ ጥፋተኛውን አግኝቼ ነበር። የአስራ አራት ዓመቱ ልጄ! ጌም ይጫወታል፣ ቪዲዮ ያያል፣ ስልኩን ከእጁ አይለይም። «ኢንተርኔቱን የምትጨርሰው አንተ ነህ፤ አያትህን እያስለቀስክ ነው» ብዬ ስልኩን ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። «አባዬ፣ በዚያ ሰዓት እኮ አልነካም» አለኝ። አልሰማሁትም።

በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎ እያለ ጥሪው እንደገና ተቋረጠ። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አየኝ፤ ምንም አላለም። እኔም የምለው አልነበረኝም።

ያኔ እናቴ ከሶፋዋ ሆና፣ «ያ ማሽን መንጓጓት ሲጀምር ነው ልጄ የምትጠፋው» አለች። ማሽን የምትለው ፕሪንተሩን ነው። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ ሰኞ ለተማሪዎቿ የምታድለውን የመልመጃ ወረቀት እሑድ ማታ ማታ ታትማለች። «እማዬ ደግሞ! ወረቀት ማተም ከሮም ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብዬ ሳቅኩ። ለካ ይህን ስትነግረኝ ሁለተኛዋ ጊዜ ኖሯል።

ሲቸግረኝ ኮምፒዩተር የሚማረውን የጎረቤታችንን ልጅ ጠራሁት። ራውተሩን ከመንካቱ በፊት፣ «ጋሼ፣ የሚቋረጠው የሁሉም ነው ወይስ የታብሌቱ ብቻ?» ብሎ ጠየቀኝ። የታብሌቱ ብቻ አልኩት። «መቼ መቼ ነው?» አለ። እናቴ ቀደመችኝና የማሽኑን ነገር ነገረችው። እሱ አልሳቀም። ታብሌቱ ላይ ሴቲንግ ከፍቶ፣ ዋይፋይ የሚለው ውስጥ ገብቶ፣ የተገናኘበትን መስመር ነካና አንድ ቁጥር አሳየኝ፦ 192.168.1.5። ከዚያ ፕሪንተሩን አብርቶ የራሱን የኔትወርክ መረጃ በወረቀት እንዲያትም አደረገው። ወረቀቱ ላይም 192.168.1.5 ይላል። «አዩ ጋሼ፣ ሁለቱ አንድ ቁጥር ይዘዋል» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤታችን ዋይፋይ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ፕሪንተሩም፣ አይፒ አድራሻ የሚባል የየራሱ ቁጥር አለው። ራውተሩ ከውጭ የመጣውን ምስልና ድምፅ ለባለቤቱ የሚያደርሰው በዚህ ቁጥር ነው። እናቴ ሲገባት፣ «እንደ ክሊኒክ ካርድ በለኛ! ሁለት በሽተኛ አንድ የካርድ ቁጥር ከያዘ የአንዱ የደም ውጤት ለሌላው ይሰጣል» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም። ፕሪንተሩ ሲበራ «ቁጥር 5 እኔ ነኝ» ይላል፤ ለታብሌቱ የመጣው የእህቴ ፊት ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል፤ ፕሪንተሩም ምን እንደሚያደርገው ስለማያውቅ ይጥለዋል። ባለቤቴም ብትሆን አንዳንዴ ያዘዘችው ወረቀት አልወጣ እያላት ደግማ ትልክ ነበር። ወረቀቱ አለቀብኝ እንጂ ቁጥር ተጋጨብኝ ማን ይላል?

እንዴት አንድ ቁጥር ያዙ? አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን የሚያድለው ራውተሩ ነው። አንድ ዕቃ ሲገናኝ ቁጥር ይጠይቃል፤ ራውተሩም ካልተያዙት አንዱን ለተወሰነ ጊዜ ያውሰዋል። በእጅ ተጽፎ የተሰጠ ቋሚ ቁጥር ያለው ዕቃ ግን ራውተሩን አይጠይቅም። ይህን ፕሪንተር ቢሮውን ከዘጋ ድርጅት በርካሽ የገዛሁት እኔው ነኝ። እዚያ ሳለ በእጅ የተሞላለትን ቁጥር ይዞ እኛ ቤት ገባ። ራውተራችን ደግሞ ይህን ሳያውቅ 5ን ለእናቴ ታብሌት ሰጥቷል።

ለመሆኑ የቢሮ ቁጥር ከቤት ቁጥር ጋር እንዴት ገጠመ? አሁንም በብዛት የምንጠቀምበት የአድራሻ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ነው። በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ቁጥር ብቻ ስለሚያወጣ ለዓለም ዕቃ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ለየቤቱና ለየቢሮው ውስጣዊ አገልግሎት የተከለሉ ቁጥሮች አሉ፤ በ192.168 የሚጀምሩት ከእነዚህ ናቸው። ጎረቤትዎ ቤትም ይኸው 192.168.1.5 ሊኖር ይችላል፤ በየግቢው ስለሆነ አይጋጭም። ችግር የሚፈጠረው በአንድ ራውተር ሥር ሁለት ሲሆኑ ነው።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የፕሪንተሩን ቋሚ ቁጥር አጥፍቶ፣ እንደሌላው ዕቃ ከራውተሩ እንዲጠይቅ አደረገው። ቁጥሩ እንዳይቀያየር ደግሞ ራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ብቻ የተያዘ ቁጥር መዘገበለት። ከዚያ ፕሪንተሩ እያተመ ታብሌቱ ላይ ቪዲዮ ከፈተ። አልተቋረጠም።

በእናንተም ቤት ተመሳሳይ ነገር ካጋጠመ፣ ከእሱ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፦

መጀመሪያ የሁሉም ነው ወይስ የአንዱ ዕቃ ብለው ይለዩ። ሁሉም ከጠፋ ችግሩ የመስመሩ ወይም የራውተሩ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ቁጥሩን ይጠርጥሩ።

የዚያን ዕቃ ዋይፋይ አጥፍተው ያብሩ። ካልሆነም መስመሩን ከዕቃው ላይ ሰርዘው የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ ያስገቡ። አንዳንዴ ሌላ ቁጥር ያገኝና ይገላገላሉ። ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ የአድራሻ ግጭት አለ ብሎ ይጽፍልዎታል፤ ስልክና ታብሌት ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላሉ።

አሁንም ካልተስተካከለ የየዕቃውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ስልክ ላይ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። ሁለት አንድ ዓይነት ካዩ ደረሱበት። ቁጥር ማየት የሚከብድ ከሆነ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያጥፉ፤ የትኛው ሲጠፋ እንደሚስተካከል ያስተውሉ። እናቴ በጆሮዋ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ያገለገለ ፕሪንተር፣ የበር ካሜራ ወይም ሁለተኛ ራውተር ገዝተው ከሆነ ከእነሱ ይጀምሩ። ፎቅ ላይ ዋይፋይ እንዲደርስ ተብሎ የሚጨመር ራውተር እሱም በራሱ ቁጥር ማደል ከጀመረ፣ በአንድ ቤት ሁለት አዳይ ይሆናል። የአንዱ እደላ መዘጋት አለበት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ግጭት ሊፈጠር ይችላል። አንዳንድ ራውተር ሲጠፋ ለማን ምን እንደሰጠ ይረሳል፤ በባትሪ የቆየው ዕቃ ግን የድሮ ቁጥሩን እንደያዘ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ከሄደ በኋላ መሳቢያውን ከፍቼ ስልኩን ለልጄ መለስኩለት። አያቱ ፊት ነበር የተቆጣሁት፤ ይቅርታም የጠየቅኩት አያቱ ፊት ነው። ተቀበለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «አባዬ፣ የፕሪንተሩን ነገር እማማ ለእኔም ነግራኝ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አትሰማኝም ብዬ ነዋ።»

ፕሪንተሩ በአምስት ደቂቃ ተስተካክሏል። ይህኛው ግን ጊዜ ይፈልጋል። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዲት ትልቅ ሴትና አንድ ልጅ መልሱን ይዘው አራት እሑድ ሙሉ የሚሰማቸው አጥተዋል። አንዷ «ቴክኖሎጂ አታውቅም» ተብላ፣ ሌላው «ምክንያት ያበዛል» ተብሎ።

ባለፈው እሑድ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ወረቀቷን ታትማለች፣ ልጄ ስልኩን ይነካካል፣ ማሽኑም ይንጓጓል። ከሶፋው ጥግ «ከሳሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከሮምም «እማዬ፣ ካሜራው ነው» የሚል መለሰ።