የፌስታል ስባሪና የሰው ጤና

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸናና በሞጣ ገበያተኛው ዕቃ የሚቋጥርበት ፌስታል ከተጣለ በኋላ በፀሐይና በንፋስ ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም። ከአምስት ሚሊ ሜትር ያነሰው ስባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል፤ በውኃ፣ በምግብና በአየር ወደ ሰውነት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ጣሊያን ውስጥ በ257 የአንገት ደም ቧንቧ ሕሙማን ላይ ይፋ የሆነ ጥናት፣ በቧንቧቸው ዝቃጭ ፕላስቲክ የተገኘባቸው ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ለስትሮክ ወይም ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው 4 ነጥብ 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አመልክቷል። በብዛት የተገኘው ፖሊኢትሊን፣ ማለትም ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ጥናቱ መንስኤው ፕላስቲኩ ራሱ ስለመሆኑ አላረጋገጠም፤ ይህ ግን ጥንቃቄን ለማዘግየት በቂ ምክንያት አይደለም።

በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0 ነጥብ 03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዲመረትም ሆነ ከውጭ እንዲገባ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ይሁንና ይህን ውፍረት የትኛው የቀበሌ ተቆጣጣሪ በዓይኑ ይለየዋል? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም ያጸደቀው አዋጅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ፌስታሎችን ከነጭራሹ በመከልከሉ መለኪያ የሚያሻው ነገር አልቀረም። የሚቀረው የአስተዳደር ሥራ ነው። ዘንቢልና ቅርጫት ለጎጃም ገበያ እንግዳ ባይሆኑም ቅጣቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ በበቂ መጠንና በተመጣጣኝ ዋጋ መቅረብ ይኖርባቸዋል፤ የተሰበሰበው ፌስታልም በየግቢው መቃጠል የለበትም።